ሽምግልና በረግረጉ መንገድ

ስለሺ የክርስትና ልጄ ነው። አባቱ ካረፈ ስምንት ዓመት ስለሆነው፣ ሽማግሌ ላኩልኝ ብሎ የመጣው እኔ ዘንድ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ የሆስፒታል ኮምፒውተር ይጠግናል፤ መኪናውን ሲያቆም ግራና ቀኝ ያሉትን ነጭ መስመሮች አይነካም። እኔ ዳውንታውን አትላንታ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ፓርኪንግ ሠርቻለሁ። የሰውን ጠባይ የማየው ከአነጋገሩ ሳይሆን ከመኪና አቋቋሙ ነው፤ እስካሁን ብዙም አልተሳሳትኩም።

"ጋሼ አሸብር፣ ፕሮብሌሙ አባቷ ነው" አለኝ፣ ስማይርና ባለው ቤቴ ሶፋው ላይ ተቀምጦ።

"እምቢ አሉ?"

"ኖ፣ ኖ። እምቢ አላለም። ላይክ፣ ማንንም ቤቱ አያስገባም። ዊኬንድ በመጣ ቁጥር ኮስት፣ ባሕሩ ጋ ድረስ ድራይቭ አድርጎ ረግረግ ውስጥ ሳይክል ይነዳል። ፅጌ ሽማግሌ ሊመጣ ነው ስትለው፣ ትሬይሉ ላይ፣ ሳይክል መንገዱ ላይ ይምጡ አላት።"

"ረግረግ ውስጥ?"

"ኔቸር ፕሪዘርቭ፣ ጥብቅ ቦታ ነው ጋሼ። ከሳቫና ወደ ታች። ወፍ ምናምን አለ።"

አማቴ ይሆናሉ ብሎ ያሰባቸውን ሰው "አያስገባም፣ ይነዳል" ማለቱ አናደደኝ። ግን እዚህ ያደገ ልጅ አንቱታን የሚያውቃት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻ ነው፤ አለፍኩት።

አቶ ሰርፀን የማያውቅ የለም። ቻምብሊ፣ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ፣ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡበት ግሮሰሪ ነበራቸው። ሒሳብ ተቀባይዋ ባለቤታቸው ወይዘሮ እየሩሳሌም ነበሩ፤ ደንበኛው የሚመላለሰው ለሽሮው ሳይሆን ለእሳቸው ጨዋታ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በካንሰር አረፉ። ለቅሶው ላይ ያልነበረ የአትላንታ ሐበሻ የለም፤ መኪና ማቆሚያ ጠፍቶ እኔ ራሴ መንገድ ላይ ወጥቼ ሳስተናብር ዋልኩ። በአርባቸው ጊዜ ደግሞ ሁላችንም "እንጠያየቃለን" ተባብለን ተለያየን። አቶ ሰርፀ ሱቁን ሸጡ። ከዚያ ወዲህ ያየኋቸው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ነው፤ ያውም ከሩቅ።

ነገሩ ጊዜ የሚሰጥ አልነበረም። ልጃቸው ፅጌረዳ ሲያትል ሥራ አግኝታለች፤ ፌብሯሪ ላይ ትጀምራለች። ስለሺም አብሯት ሊሄድ አስቧል። በጥር ካልተጋቡ እሷ ብቻዋን ትሄዳለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር ነው የሚያውቀው። "ያለ አባዬ ቡራኬ አላገባም" ብላዋለች። እሱ ደግሞ ገና እሺ ሳይባል የጥር አዳራሽ ይዟል። ምን ዓይነት ድፍረት ነው ብዬ ስቆጣው፣ "ጋሼ፣ ጃንዋሪ እኮ ቡክድ አውት ይሆናል፤ አዳራሽ ይጠፋል" አለኝ።

እኔ ሰባት ጊዜ ሽማግሌ ሆኜ ሄጃለሁ። ሰባት ጊዜም እሺ ተብያለሁ። አንደኛው ጋብቻ ፈርሷል፤ እሱ ከሽምግልናው በኋላ የሆነ ነገር ስለሆነ አይመለከተኝም። ስምንተኛው ረግረግ ውስጥ ሰምጦ እንዲቀርብኝ አልፈለግኩም።

ሁለት ሰው መረጥኩ። አንደኛው ገብረሕይወት ነው፤ ታክሲ ነጂ፣ አፉ ከሜትሩ ቀድሞ የሚቆጥር። ሁለተኛው ቄስ ስምዖን ናቸው፤ የልጅቷ የንስሐ አባት። ቄስ ስምዖን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሳይክል የሚባል ነገር እንዳለበት ስነግራቸው ጉልበታቸውን እያሹ "እግዚአብሔር ያውቃል" አሉኝ። እንደ እሺ ቆጠርኩት።

ከመስቀል ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ በገብረሕይወት ታክሲ ተነሣን። ሦስታችንም ሙሉ ልብስ ለብሰን ነጠላ ደርበናል። አራት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ገብረሕይወት አራት ሰዓት ተኩል አወራ።

ቦታው ስንደርስ መሬቱ ሜዳ፣ ሰማዩ ሰፊ፣ ሽታው የበሰበሰ እንቁላል። ዓይን እስኪደክም ድረስ ሣር ነው፤ በሣሩ መሐል ጭቃማ ውሃ ይጠማዘዛል። ድሮ ባቡር ይሄድበት የነበረውን ከፍ ያለ አፈር ደልድለው የሳይክል መንገድ አድርገውታል። በሩ ላይ ሳይክል የሚያከራይ ፂማም ፈረንጅ አለ። ከላይ እስከ ታች አየንና "ሠርግ ነው ቀብር?" ብሎ ጠየቀን።

"እስካሁን አልታወቀም" አለው ገብረሕይወት።

የቀረው ሁለት ሳይክልና ለአዛውንት የሚከራይ አንድ ባለ ሦስት እግር ነበር። ባለ ሦስት እግሩ የቄስ ስምዖን ሆነ። ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ ጃንጥላቸውን ኋላ ካለው ቅርጫት ውስጥ አጋድመው ተቀመጡበት። ወፍ ሊያዩ የመጡ ፈረንጆች መነጽራቸውን ከወፎቹ ላይ አንስተው ወደ እሳቸው አዞሩ።

አቶ ሰርፀ ልክ በአራት ሰዓት ደረሱ። መኪናቸውን በኋላ ማርሽ አስገብተው፣ አፍንጫዋን ወደ መውጫው አድርገው አቆሙ። በእኔ ሚዛን ይኼ ቶሎ ለመሄድ የተዘጋጀ ሰው አቋቋም ነው። ከስተዋል። መኪናዋ ኋላ ላይ ሁለት ሳይክል ተጭኗል። ሁለቱንም አወረዱ። አንደኛዋ አረንጓዴ ናት፣ ከፊት ለፊቷ ቅርጫት ያላት፤ ኮርቻዋን በጨርቅ ጠረጉና ከዛፍ ጋር ቆለፏት።

"አቶ ሰርፀ፣ ያቺን ቢያውሱኝ ምናለ?" አለ ገብረሕይወት። "የእኔዋ ኮርቻ ድንጋይ ናት።"

"ባለቤት አላት" አሉ አቶ ሰርፀ። ገብረሕይወት ወደ ድንጋይዋ ተመለሰ።

ልማዱን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ ተቀመጡ ሲባል "ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" ብሎ ይቆማል። ጉልበቱ መቆሙ ነው፤ የቆመ ሽማግሌ ያሳፍራል። እኛም ነጠላችንን አጣፍተን፣ ተሰልፈን ቆምን። አቶ ሰርፀ ግን ተቀመጡ አላሉንም። ሳይክላቸው ላይ ወጡና "እየነዳን እንነጋገር፤ ከቆምኩ ጉልበቴ ይይዘኛል" ብለው ሄዱ። ያለን ምርጫ ተቀምጦ መከተል ነው። ጉዳዩን ሳይናገር የተቀመጠ ሽማግሌ እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

ሳይክል ከነዳሁ አርባ ዓመቴ ነው። ያኔም በሰዓት ሃምሳ ሳንቲም ተከራይቼ ነበር፣ ያኔም ወድቄአለሁ። አቶ ሰርፀ ጀርባ ላይ እስክደርስ ላቤ ሸሚዜን አልፎ ኮቴን አረጠበው።

"አቶ ሰርፀ" አልኩ፣ "በእግዚአብሔር ስም... ልጅዎን... ወይዘሪት ፅጌረዳን... ኸረ ቀስ ይበሉ... ለልጃችን ለስለሺ..."

"ወደ ግራ እዩ" አሉ።

ወደ ግራ አየሁ። አንድ ሽመላ ውሃ ውስጥ በአንድ እግሩ ቆሟል።

"...በሕግ ሚስትነት... እንዲሰጡን..."

"ከጠዋት ጀምሮ እንደዚያ ቆሞ ይውላል" አሉ። "አይደክመውም።"

ከዚህ በላይ መናገር ስላልቻልኩ ቀሪውን ገብረሕይወት ጨረሰው፤ እሱ ትንፋሽ ሳይወስድ መናገር ሥራው ነው። መንገዱ የሚያልቅበት ቦታ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ቁጭ ብለን፣ ቄስ ስምዖን ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሲደርሱ፣ አቶ ሰርፀ መልስ ሰጡ።

"አክብራችሁ መጥታችኋል፤ እግዜር ያክብርልኝ። ግን ዘመድ አለኝ፤ ላማክር። የዛሬ ወር ተመለሱ። እዚሁ፣ በአራት ሰዓት። ውሃው ሙሉ ይሆናል፤ ያምራል።"

ስንመለስ ደስ ብሎን ነበር። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል የሴት አባት ልጁን ያቃልላታል። "እንዴት ያሉ ጨዋ ሰው ናቸው!" አለ ገብረሕይወት፤ ከዚያ ስለ ጨዋነት እስከ ሜከን ከተማ ድረስ አወራ። እኔ አላደመጥኩትም፤ የማስበው መቀመጫዬን ነበር። ሰኞና ማክሰኞ ሥራ ቦታ ቆሜ ዋልኩ። አለቃዬ ትጋት መስሎት አመሰገነኝ።

ባለቤቴ ተናኘ ግን አልተታለለችም። "በሚቀጥለው ወር ተሸክመው ነው የሚያመጡህ" አለችኝ። ስለዚህ ልምምድ ጀመርኩ። ስማይርና ውስጥ፣ ከቤታችን አሥር ደቂቃ፣ ሲልቨር ኮሜት የሚባል የሳይክል መንገድ አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ በአጠገቡ ስነዳ የሚጠቀምበትን ሁሉ ሥራ ፈት ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ያገለገለ ሳይክል ገዛሁ፤ መቀመጫው ላይ ስፖንጅ ያለበት ቁምጣም ገዛሁ። ቁምጣውን ለብሼ ሳሎን ስገባ ተናኘ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ ሳቀች። "ለሽምግልና ነው" አልኳት። ይብሱን ሳቀች።

በሁለተኛው ወር ኮትና ከረባት ቀረ፤ ነጠላው ብቻ ቀጠለ። አቶ ሰርፀ ሦስት አዲስ ሄልሜት ይዘውልን መጡ። የቄስ ስምዖን ከጥምጥማቸው በላይ እንዲሆን ተደርጎ የተመረጠ ትልቅ ነው። በዚያን ቀን አሥራ ስምንት ማይል ነዳን። ውሃው እንዳሉትም ሙሉ ነበር፤ ሣሩ ጫፍ ጫፉ ብቻ ነው የሚታየው፤ መንገዱ ባሕር መሐል የተዘረጋ ይመስላል። ደስ ይላል፤ መናገር ስላለብኝ ነው የምናገረው።

በእንጨት ድልድዩ ላይ አስቁመው ሸርጣኖች አሳዩን። ወንዱ አንድ ክንዱ ከሰውነቱ የሚበልጥ ነው፤ እሱን እያነሣ ያወዛውዛል።

"ሴቷን እየጠራ ነው" አሉ አቶ ሰርፀ።

"ምስኪን" አለ ገብረሕይወት። "የሚልከው ሽማግሌ የለውም።"

አቶ ሰርፀ ሳቁ። ድንገት የሳቁት ሳቅ ለራሳቸውም እንግዳ የሆነባቸው ይመስል ቶሎ አቆሙት። ትንሽ ወረድ ብሎ አንድ አዞ መንገዱ ዳር ተጋድሞ ነበር። ሁላችንም ከሩቅ ቆመን ስንማከር፣ ቄስ ስምዖን ከኋላ ደረሱና መስቀላቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ሳይቸኩሉ፣ አጠገቡ አለፉ። አዞው አልተንቀሳቀሰም። ባለ ሦስት እግሩ ድሮም ፍሬኑ እንደማይሠራ በኋላ ነው የነገሩን።

መልሱ ግን ያው ሆነ። "የእናቷ ወንድም አዲስ አበባ አለ። በስልክ ላገኘው አልቻልኩም። የዛሬ ወር።"

በዚህ ዘመን ወር ሙሉ በስልክ የማይገኝ ሰው የት ነው ያለው? ገብረሕይወት ኔትወርክ ነው አለ። ልማድ ነው፣ ሦስተኛው ላይ ይሰጣሉ አለ። እኔም ልማድ ነው አልኩ። ሳምንቱን ግን ደስ አላለኝም፤ አዳራሹ ቀሪውን ክፍያ በኖቬምበር መጨረሻ ይፈልግ ስለነበር ስለሺ በየቀኑ ይደውላል። አንድ ቀን ደግሞ ፅጌረዳ ራሷ ደወለች።

"ጋሼ፣ አባዬ ምን አለ?"

"ዘመድ እያማከሩ ነው።"

"ምን ዘመድ? እኛ እኮ ዘመድ የለንም፣ አይ ሚን፣ አጎቴ በየቀኑ ዋትስአፕ ላይ ነው።" ማልቀስ ጀመረች። "እኔ ስጠይቀው 'ሽማግሌ የያዘው ጉዳይ ነው' ብሎ ይዘጋብኛል። ስለሺን ጠልቶት ነው? እምቢ ካለ በቃ ይንገረኝ። ሲያትልን ካንስል አደርገዋለሁ። አባዬን አስቀይሜ አልሄድም።"

"አትቸኩይ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እኔው ቸኮልኩ።

ሦስተኛው ቀጠሮ የዲሴምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ነበር። የነቢያት ጾም ገብቷል፣ ብርዱም መጥቷል፤ ትንኙ ጠፍቶ ከሰሜን የመጡ ዳክዬዎች ውሃውን ሞልተውታል። የራሴን ታክሲው ስለማይጭን የተከራየሁት ሳይክል የኋላ ጎማ ገና ሳንነሣ ተነፈሰ። አቶ ሰርፀ የመኪናቸውን ቁልፍ ሰጡኝ።

"መንፊያው ከፊት ወንበር ሥር ነው" አሉኝ።

መንፊያውን ሳወጣ ወንበሩ ላይ የተዘረጋ የቀን መቁጠሪያ አየሁ። የባሕሩ ውሃ በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደሚሞላና ስንት ሰዓት እንደሚጎድል የሚያሳይ ነው። ማየት አልነበረብኝም። ግን ሃያ ስድስት ዓመት የሰው መኪና ውስጥ ያለውን አይቶ እንዳላየ ማለፍ ሥራዬ ስለነበር፣ አይቶ ማለፉን እንጂ አለማየቱን አልችልበትም። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ላይ በእርሳስ ተጽፏል፦ "አሸብር፣ ገብረሕይወት፣ ቄስ ስምዖን። ጠዋት አራት ሰዓት።" ጃንዋሪ ላይ አለ። ፌብሯሪ ላይ አለ። ገለጥኩት፤ እስከ ሜይ ድረስ አለ። ከማርች አጠገብ በትንሹ "ለቄስ ስምዖን ትራስ" ይላል። የኋላ ወንበር ላይ አራት የውሃ ኮዳ፣ አራት በወረቀት የተጠቀለለ የጾም ሳንድዊች ተቀምጧል። ያሰናዱት በእጃቸው ነው፤ ወረቀቱ የድሮው ግሮሰሪ ወረቀት ነው።

መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ልጅቷ በስልክ ታለቅሳለች፣ ልጁ አዳራሽ ይዞ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውዬው እስከ ሜይ የሚበቃ ሰበብ አዘጋጅተው ሳንድዊች ይጠቀልላሉ። ጎማውን ነፋሁ፤ የነፋሁትም በንዴት ስለሆነ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ምንም ሳልል ተከተልኳቸው።

ገብረሕይወት ከፊት ሄደ፤ ቄስ ስምዖን እንደ ወትሮው ወደኋላ ቀሩ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ አቶ ሰርፀ ጎን ለጎን ሆነው ጀመሩ።

"ያው ዛሬ መልስ ልሰጣችሁ አስቤ ነበር። ግን የንስሐ አባቷን ሳላማክር..."

"የንስሐ አባቷ ከኋላችን ናቸው" አልኩ። "ባለ ሦስት እግሩ ላይ ያሉት።"

አቶ ሰርፀ ዞር ብለው አዩ። ከሩቅ ነጭ ጥምጥምና ትልቅ ሄልሜት ይታያል።

"እሳቸውማ እንደ ሽማግሌ ነው የመጡት" አሉ። "እንደ ንስሐ አባት ሌላ ቀን..."

"አቶ ሰርፀ፣ የሜይ ሰበብ ምንድን ነው?"

ፍሬን ያዙ። በሦስት ወር ውስጥ መንገድ መሐል ሲቆሙ ያየኋቸው ያኔ ነው። እኔም ወረድኩ። እንግዲህ ሁለታችንም ቆመናል፤ ሽምግልናው በወጉ የተጀመረው በዚያች ደቂቃ ነው ማለት ይቻላል።

"ካላንደሩን አይተኸዋል" አሉ።

"አይቻለሁ። አቶ ሰርፀ፣ እኔ በሥራዬ ብዙ ነገር አይቻለሁ። የሌላውን መኪና ከኋላ ዘግቶ ቁልፉን ይዞ የሚጠፋ ሰው አለ። ባለመኪናው ያለቅሳል፣ ይለምናል። እርስዎ ልጅዎን እንደዚያ ነው ያደረጓት። ሲያትልን ልተወው ነው ብላኛለች፤ ስለሺን የጠሉት መስሏት ሌሊት ሌሊት አትተኛም።"

"ልጁን?" አሉ። በጣም ተገረሙ። "ልጁ ጥሩ ልጅ ነው። መኪናውን ሲያቆም አይተኸዋል?"

"አይቻለሁ" አልኩ። ንዴቴ በዚህ ትንሽ ቀነሰ።

"የመጀመሪያ ቀን እሺ ልላችሁ ነው የመጣሁት። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ቄሱን ሳይ፣ ያንን ሳይክል እየገፉ ሲመጡ ሳይ... ሁለት ዓመት ብቻዬን የተመላለስኩበት መንገድ ነው። እየሩስ ነች እነዚህን ሳይክሎች የገዛችው። አብረን ነድተን አናውቅም፤ በገዛች በሦስተኛው ሳምንት ተኛች። እና እሺ ካልኩ ጉዳያችሁ አለቀ። ጉዳይ የሌለው ሽማግሌ እዚህ ድረስ ምን ሊያደርግ ይመጣል?"

"ይመጣል እንጂ" አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣኝ።

"በአርባዋም 'እንጠያየቃለን' ብለኸኝ ነበር" አሉ። ቁጣ የለበትም፤ እንደ ቀላል ወሬ ነው የተናገሩት። "በሩ ላይ ስትሰናበተኝ። እጄን ይዘህ። ከዚያ በኋላ አንድም ሰው ደጄን አላንኳኳም፤ እኔም በሩን መክፈት ተውኩት።"

አፈርኩ። ቻምብሊ ከቤቴ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ለልጁ ጉዳይ አራት ሰዓት ተኩል ሦስት ጊዜ ነድቻለሁ፤ ለሰውዬው ሃያ አምስት ደቂቃ አልነዳሁም። ውሃው እየጎደለ ነበር፤ ሣሩ ሥር ጭቃው ውሃ ሲመጥ ይሰማል።

"ይቅርታ አድርግልኝ ሰርፀ" አልኩ። አንቱታው በዚያው ወደቀ፤ ሁለታችንም አላነሣነውም።

"እሺ ብያለሁ" አለ። "ልጄን ሰጥቻለሁ። ይጋቡ። ይሂዱ።"

በዚህ መሐል ገብረሕይወት መቆማችን አስፈርቶት ተመልሶ መጣ። ቄስ ስምዖንም እያለከለኩ ደረሱ። ፍሬን ስለሌለው እግራቸውን መሬት ላይ እየጎተቱ አቆሙት።

"ምን አመለጠኝ?" አሉ።

"አቶ ሰርፀ እሺ አሉ" አልኩ።

ቄስ ስምዖን ላባቸውን ጠረጉ። "ሽማግሌ ሳይሟላ የተባለ እሺ አይጸናም። ይድገሙት።"

የመጀመሪያው እሺ ለሰርፀ ቀሎት ነበር። ሁለተኛው ከበደው። ሄልሜቱን አወለቀ፤ "ሰጥቻለሁ" ለማለት ሦስት ጊዜ ጀመረ። ገብረሕይወት ፊቱን ወደ ዳክዬዎቹ አዞረ። እኔ ነጠላዬን ዓይኔ ላይ ያዝኩ፤ ንፋስ ነው ልል አስቤ ነበር፤ ማንም ስላልጠየቀኝ አላልኩም። ቄስ ስምዖን ከባለ ሦስት እግሩ ሳይወርዱ መስቀላቸውን አንስተው ባረኩ። ከዚያ ሳንድዊቹን በላን፤ ጨው በዝቶበታል።

ሠርጉ በጥር ሆነ። እኔ ፓርኪንጉን ያዝኩ፤ ሁለት መቶ አሥር መኪና፣ አንድም ጭረት የለም። ሰርፀ ልጁን ሲሸኝ አላለቀሰም፤ ሙሽሮቹ ሲያትል የሄዱ ቀን ግን ከኤርፖርት ወጥቶ መኪናውን የት እንዳቆመ ረስቶ ሁለት ሰዓት እንደዞረ ፅጌረዳ ደውላ ነገረችኝ። በማግስቱ ቻምብሊ ሄጄ አንኳኳሁ። ከፈተ። ቤቱ የሚቀመጡበት ወንበር አልነበረውም፤ በየወንበሩ ላይ ካርቶን አለ። ሁለቱን አንስተን ተቀመጥን።

ቀጠሮ አልነበረንም። በዚያ ካላንደር ላይ የተጻፈውን ስማችንንም አጥፍቶታል፤ ላጲሱ የተወው ጥላ ይታያል። ከሠርጉ በኋላ በመጣው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ በገብረሕይወት ታክሲ ተነሣን። ሙሉ ልብስ ለብሰን፣ ከረባት አስረን፣ ነጠላ ደርበን። አከራዩ ፈረንጅ ሲያየን "ዛሬስ?" አለ። ገብረሕይወት ሠርጉ አልፏል አለው።

ማቆሚያው ላይ ተሰልፈን ቆምን። ሰርፀ በአራት ሰዓት መጣ። አየንና መኪናውን መሐል መንገድ ላይ አቆመው፤ እኔ በሥራ ላይ ብሆን አስነሣዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ገባ። አፍንጫዋን ወደ ረግረጉ አድርጎ ነው ያቆማት። ሁለቱን ሳይክሎች አወረደ፤ የአረንጓዴዋን ኮርቻ ጠረገ። ከዚያ ወደ እኛ መጣ።

"ምነው ቆማችሁ? ተቀመጡ እንጂ" አለ፣ ማቆሚያው ጥግ ያለውን አግዳሚ ወንበር እያሳየን።

"ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" አልኩ።

"ጉዳያችሁ ምንድን ነው?"

አራት ሰዓት ተኩል ሙሉ ተነጋግረንበት አልተስማማንም ነበር። ገብረሕይወትን አየሁት፤ እሱ ደግሞ ቄስ ስምዖንን አየ። ቄስ ስምዖን ጃንጥላቸውን ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ።

"ቀጠሮ ልንጠይቅ ነው የመጣነው" አልኩ።

ሰርፀ ወደ መኪናው ተመለሰ። አረንጓዴዋን ሳይክል ከዛፉ ሳይቆልፋት እየገፋ አምጥቶ መሪዋን እጄ ላይ አስያዘኝ።

"ከባድ ነገር ነው የጠየቃችሁኝ" አለ። "ላማክርበት። የዛሬ ወር ተመለሱ።"